መዶሻ ወርዋሪውና ልብስ ጠባቂው



በየዓመቱ በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ስፖርት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ አገር ልጆች እንደ መሆናችን መጠን ስለ ሩጫ ብንጽፍ ማንም አይፈርድብንም። እኔ ግን ዘንድሮ አሳቤን ልገልጽ የፈለግሁት ስለ መዶሻ ውርወራና ስለ አንድ ስመ ጥር መዶሻ ወርዋሪ ነው። ሰውየው ኢትዮጵያዊ አይደለም። ቢሆንም የሕይወቱ ታሪክ በእኛ ሜዳ ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተት ግልጽ አድርጎ ስላሳየኝ፣ መምህራንም ወላጆችም ጓደኞቼም በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ነገሩ እኔን እንዴት እንደ ነካኝ ልናገር። የተወለድሁት በሐብሩ ወረዳ በጊራና በኩል ነው። በእኛ አገር ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ልጆች ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቃለን። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከማማው ላይ ወድቄ የግራ ክንዴ ከክርኑ ላይ ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አሰረልኝ፤ አጥንቱም ገጠመ፤ ነገር ግን ጠመም ብሎ ገጠመ። እስከ ዛሬ ድረስ ክንዴ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም፤ ከቀኙም ይልቅ ቀጭን ነው። ለዚህ ማንንም አልወቅስም።

ከዚያ በኋላ በገባሁበት ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያው የሰውነት ማጠንከሪያ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ክንዴን አዩና፣ «አንተ እዚያ ዛፍ ሥር ተቀመጥና የልጆቹን ልብስ ጠብቅ» አሉኝ። እኔም «እሺ መምህር» ብዬ ተቀመጥሁ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ይህን ያደረጉት አዝነውልኝ ነው። ነገር ግን ያች አንዲት ቀን ሁለት ዓመት ሆነች። ሌሎቹ ሲሮጡና ሲዘሉ እኔ ሸሚዝ ስቆጥርና ጫማ ስደረድር ኖርሁ። በካርዴ ላይ ለሰውነት ማጠንከሪያ 70 ተሰጥቶኛል፤ ያን 70 ያገኘሁት የሰው ኮት በመጠበቅ መሆኑን ቤተ ሰቤ አያውቅም ነበር።

ዛፉ ሥርም ብቻዬን አልነበርሁም። ስለ ውፍረቱ የሚሣቅበት አንድ ልጅ ነበረ። እግሯን የምታነክስ አንዲት ልጅ ነበረች። ከ2013 ዓ.ም. ማለቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ጦርነቱ በወልድያና በመርሳ በኩል ባለፈ ጊዜ በፍንጣሪ እጁን የተመታ ልጅም በኋላ ተጨመረ። አራት ሆነን የአርባ ልጅ ልብስ እንጠብቅ ነበር። ለዚህ ሥራ አራት ሰው እንደማያስፈልግ ማንም ያውቀዋል።

ባለፈው ክረምት ስለ ሮማው ማራቶን ለማንበብ በአጎቴ ስልክ ስፈልግ፣ በዚያው በሮማ ስለ ተወዳደረ አንድ አሜሪካዊ የተጻፈ ታሪክ አጋጠመኝ። ስሙ ሃሮልድ ኮኖሊ ይባላል። ኮኖሊ የተወለደው በ1923 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በሶመርቪል ከተማ ነው። ሲወለድ በደረሰበት ጉዳት የግራ ክንዱ ነርቭ ተበላሸ። ክንዱም ከቀኙ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አጥሮ፣ እጁም አንሶና ደክሞ ቀረ፤ በልጅነቱም ደጋግሞ ተሰበረበት። ክንዱን ለማጠንከር ሲል ስፖርት ያዘ፤ በቦስተን ኮሌጅ ሲማርም አሎሎ ወርዋሪ ነበር። እዚያም መዶሻ የሚወረውሩ ጓደኞቹን ለመርዳት የወደቀውን መዶሻ እያነሣ ይመልስላቸው ጀመር። እንግዲህ እርሱም እንደ እኔ ለሌሎች ዕቃ አቀባይ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ግን፣ መዶሻውን ተሸክሞ በመመለስ ፈንታ መልሶ መወርወሩ ነው። የመለሰውም መዶሻ ከወርዋሪዎቹ አልፎ መውደቅ ሲጀምር፣ እርሱም ወርዋሪ ሆነ።

መዶሻ ሲባል የአናጢ መዶሻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ስሙ የቀረው ከጥንት ነው፤ በስኮትላንድና በአየርላንድ የእንጨት እጀታ ያለው እውነተኛ መዶሻ ይወረወር ነበርና። የዛሬው መዶሻ ግን 7.26 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ኳስ ሆኖ፣ ከሽቦ ጋር የተያያዘ፣ በሽቦውም ጫፍ መያዣ ያለው ነው፤ ርዝመቱ በጠቅላላው 1.20 ሜትር ያህል ይሆናል። የሴቶቹ ክብደት 4 ኪሎ ግራም ነው። ወርዋሪው 2.135 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ቆሞ መያዣውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ መዶሻውን ከራሱ በላይ ያዞራል፤ ቀጥሎም እርሱ ራሱ ከመዶሻው ጋር ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይሽከረከርና ከክቡ ሳይወጣ ይለቀዋል። 80 ሜትር የሚሄድ መዶሻ ከእጅ ሲወጣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ በዚያች ቅጽበትም የወርዋሪውን ክንዶች ከ300 ኪሎ ግራም ሸክም በሚበልጥ ኃይል ይስባል። የዓለም ክብረ ወሰን የሶቭየት ኅብረቱ ዩሪ ሴዲክ በ1978 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በሽቱትጋርት ከተማ የወረወረው 86.74 ሜትር ነው፤ እስካሁንም የበለጠው የለም።

ይህን ሳነብ ወንጭፌ ትዝ አለኝ። ከማማው ከወደቅሁ በኋላ አያቴ አዲስ ወንጭፍ ገምደው ሰጥተውኝ፣ «አብሽር ልጄ፤ ወንጭፍ የሚያዞረው አንድ እጅ ነው» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በቀኝ እጄ ከእኩዮቼ ማንም አይበልጠኝም ነበር። በወንጭፍ ድንጋይ የሚያርቀው የጉልበት ብዛት ብቻ አይደለም፤ የገመዱ ርዝመት፣ የመዞሩ ፍጥነትና የመልቀቂያዋ ቅጽበት ነው። ጥቂት ቀድሞ ወይም ጥቂት ዘግይቶ የለቀቀ ሰው ወፉን ትቶ የጎረቤቱን ማሽላ ይመታል። የጊራና፣ የውርጌሳና የስሪንቃ እረኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። የመዶሻም ሕግ ይኸው ነው። ነገር ግን ወንጭፍ የሚጠይቀው አንድ እጅ ሲሆን መዶሻ ሁለት እጅ ይጠይቃል። ኮኖሊም አንዱ እጁ የደከመ ሰው ሆኖ ሳለ የተመኘው ሁለት እጅ የሚጠይቀውን ጨዋታ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ የኦሊምፒክ ጨዋታ ተደረገ። ያ ጨዋታ አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ነው፤ የተላኩትም 12 ስፖርተኞች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ማሞ ወልዴ በ800ና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው ሳያልፍ ቀረ። ኮኖሊ ደግሞ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የዓለሙን ክብረ ወሰን ከሶቭየት ኅብረቱ ከሚካኤል ክሪቮኖሶቭ ነጥቆ ነበርና፣ ሁለቱ በሜልቦርን ተገናኙ። ኮኖሊ በክቡ ውስጥ እግሩ እንዳያንሸራትተው የባሌ ዳንሰኞች የሚያደርጉትን ጫማ አድርጎ ገባ። መዶሻውም 63.19 ሜትር ሄደ፤ የክሪቮኖሶቭ 63.03 ሜትር ነበር። የወርቅ ሜዳልያውን የለየው 16 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

በዚያው በሜልቦርን ኮኖሊ ኦልጋ ፊኮቶቫ ከምትባል የቼኮስሎቫክያ ልጅ ጋር ተዋወቀ፤ እርስዋም በዲስከስ ውርወራ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች ነበረች። በዚያን ጊዜ የሁለቱ አገሮች መንግሥታት በዓይነ ቁራኛ ይተያዩ ነበር። ቢሆንም በ1949 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በፕራግ ከተማ ተጋቡ፤ ሚዜያቸውም ታላቁ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ ነበር።

ይህን ብቻ ጽፌ ብተው ኮኖሊ ሁልጊዜ ያሸነፈ ይመስላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በነሐሴ ወር 70.33 ሜትር ወርውሮ፣ በዓለም ላይ ከ70 ሜትር በላይ የወረወረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሮማ ኦሊምፒክ ግን 8ኛ ወጣ። ያ ጨዋታ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈበት ጨዋታ ነው። አንዱ በዳንስ ጫማ፣ ሌላው ያለ ጫማ ማሸነፋቸውን ሳስብ፣ ሁለቱም ለሰውነታቸው የሚስማማውን ራሳቸው ፈልገው እንዳገኙ ይገባኛል። ኮኖሊ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ 6ኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት 71.26 ሜትር ወርውሮ ክብረ ወሰኑን ለመጨረሻ ጊዜ አሻሻለ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በ37 ዓመቱ አራተኛ ኦሊምፒኩን ተወዳድሮ ወደ ፍጻሜው ሳይደርስ ቀረ። በዚሁ በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር የብር፣ በማራቶን ደግሞ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ነው። በመጀመሪያው ያሸነፈው በመጨረሻው ተሸነፈ፤ በመጀመሪያው የተሸነፈው በመጨረሻው አሸነፈ። ስለዚህ አንድን ልጅ በአንድ ቀን አይቶ «ይህ ይሆናል፤ ይህ አይሆንም» ማለት ችኮላ መሆኑን ከሁለቱ ታሪክ እንማራለን።

የሰውየውንም ነውር አልደብቅም። ኮኖሊ በ1965 ዓ.ም. በአገሩ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ጡንቻ የሚያዳብር መድኃኒት ይወስድ እንደ ነበረ መስክሯል። መድኃኒቱ እርሱ በወሰደበት ጊዜ በሕግ አልተከለከለም ነበር፤ ዛሬ ግን የተከለከለ ነው፤ ጤናንም ይጎዳል። እኔ ይህን የማነሣው ለመፍረድ አይደለም፤ ጀግና የምንለውን ሰው እንደ መልአክ አድርገን እንዳንስለው ነው። ማድነቅ የሚገባን የደከመ ክንዱን ይዞ ወደ ሜዳ መግባቱን እንጂ መድኃኒቱን አይደለም። መወርወር ከተወ በኋላም ያን ጊዜ ያየውን አልረሳም። መምህር ሆኖ ካስተማረ በኋላ፣ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ለ11 ዓመት ያህል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ስፖርት በሚያዘጋጀው በስፔሻል ኦሊምፒክስ ድርጅት አገለገለ። በ2002 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በ79 ዓመቱ ዐረፈ።

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚለኝ ካለ፣ የራሳችንን ታሪክ ላስታውሰው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በሮማና በቶኪዮ ዓለምን ያስደነቁት እግሮች መቆም ተሳናቸው። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ተወዳደረ። በሚቀጥለውም ዓመት በኖርዌይ በበረዶ ላይ በውሻ በሚሳብ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። አበበን ዛፍ ሥር አስቀምጦ ልብስ ጠብቅ ለማለት የሚደፍር ማን ነበር? ታዲያ ለአበበ ያልተባለው ለእኛ ስለ ምን ይባላል? ስመ ጥር ስላልሆንን ነውን?

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው፣ «ኢትዮጵያ የሯጮች አገር ናት፤ ውርወራ ለእኛ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፤ እስካሁን አገራችን በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳልያ ሁሉ በሩጫ ነው። ነገር ግን ኩበቱ የጠፋው ላሟ ስላልዋለች ነው እንጂ ሣሩ ስለሌለ አይደለም። ወንጭፍ የሚያዞር፣ ጤፍ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ፣ ድንጋይ ፈልጦ እርከን የሚሠራ ወጣት በሐብሩ ሞልቷል። ከዚህም በላይ የትምህርት ቤት ሜዳ ዓላማ ሜዳልያ ማግኘት ብቻ አይደለም። ሒሳብ የሚማረው ሁሉ የሒሳብ ሊቅ አይሆንም፤ ቢሆንም ሒሳብ የማይችለውን ልጅ «የሌሎቹን ደብተር ጠብቅ» የሚለው መምህር የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ መዶሻ አደገኛ ነው የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ መዶሻ ያለ መረብ አጥር መወርወር የለበትም፤ ሣሩንም ይቦረቡራል። በትምህርት ቤታችን ጠባብ ሜዳ ላይ ነገ መዶሻ ይወርወር ብዬ አልከራከርም። አሎሎ ግን እንደዚህ አይደለም። በክብደት ለዕድሜያችን የሚስማማው ከ18 ዓመት በታች ላሉ ወንዶች 5 ኪሎ ግራም፣ ለሴቶች 3 ኪሎ ግራም ነው፤ የሚወረወረውም በአንድ እጅ ነው። ኮኖሊም የጀመረው በአሎሎ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። ለዚህም መልሱን ከዚህ በታች እናገራለሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየዓመቱ በሚደረገው የስፖርት በዓላችን ላይ ከሩጫውና ከኳሱ ጋር የአሎሎ ውርወራ ለወንዶችም ለሴቶችም ይጨመር። ሁለተኛ፣ በወልድያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም አጠገባችን ነውና፣ መዶሻና ዲስከስ ለመሞከር የሚፈልጉ ተማሪዎች በዓመት ጥቂት ቀን እንኳ ተገቢው አጥር ባለበት ስፍራ አሠልጣኝ አግኝተው የሚማሩበት መንገድ በታላላቆቻችን ይታሰብበት። ሦስተኛው ከሁሉ ይቀላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ማንም ተማሪ «ምን ትችላለህ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ከሜዳ አይውጣ። ልብስ ጠባቂ የግድ ካስፈለገም በተራ ይሁን፤ ፈጣኑ ሯጭም ተራው ሲደርስ ይጠብቅ።

ወላጆችም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ ከሰውነት ማጠንከሪያ ሰዓት ሲመለስ ነጥቡን ብቻ አትጠይቁት። ምን እንደ ሠራ ጠይቁት። አባቴ አንድ ቀን ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓመት ዛፍ ሥር አልቀመጥም ነበር። እኔም ዝም በማለቴ ጥፋተኛ ነኝ፤ ያፈርሁት በክንዴ ሳይሆን በዝምታዬ መሆን ነበረበት።

አሁን ስለ ገንዘቡ ልናገር። ዘንድሮ አሁን ያለሁበትን ክፍል የሚያስተምሩትን የስፖርት መምህር፣ «መምህር፣ እኛም እንሞክር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሞክሩ» አሉን። ከወንዝ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ አምጥተን በእህል ነጋዴ ሚዛን ብናስመዝነው 5 ኪሎ ከሩብ ሆነ። ክቡን በገመድ ለክተን በአመድ አሰመርነው። ወጪያችን ምንም ነው። ያ በውፍረቱ የሚሣቁበት ጓደኛችን ከሁላችንም አርቆ ወረወረ፤ ከዚያ ቀን በኋላም የሣቀበት የለም። እጁን በፍንጣሪ የተመታው ልጅ በደኅናው እጁ ወረወረ። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ፤ ሦስተኛ ስወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ዕለት ልብስ የጠበቀልን አልነበረም። ሁላችንም አውልቀን አጥሩ ላይ ሰቀልነው። ስንጨርስ ብንቆጥረው አንድም አልጎደለም።